ባልሽን «የአጎቴ ልጅ ነው» በይ?

ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ ባሏን ለመጠየቅ ወደ ውጭ ለምትበር እህት የሚሰጥ ምክር አለ፦ «ኢሚግሬሽን ሲጠይቁሽ የአጎቴ ልጅ ነው በይ፤ ባሌ ካልሽ ልትቀሪ ነው ብለው ይመልሱሻል።» እኛ ይህን ምክር እንቃወማለን። ብልጠት ተብሎ የሚነገር ውሸት ነው።

ኒካሕ በወሊይና በምስክር የሚታሰረው፣ ይፋ እንዲሆንም የተፈለገው፣ ከድብቅ ግንኙነት እንዲለይ ነው። በድንኳን ያወጅነውን ካውንተር ላይ እንካደው?

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ወይም መግቢያ ለማግኘት ሆን ብሎ በዋና ጉዳይ የዋሸ የውጭ ዜጋ፣ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በቀር፣ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ባልየው ነገ ሚስቴን ላምጣ ቢል ያቺው ውሸት ትጠብቀዋለች።

ጥፋቱ ግን የመካሪዎች ብቻ አይደለም። ኒካሕ አስረን ወረቀቱን የምንንቅ ስንት ነን! በአዋጅ 760/2004 መሠረት በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻም በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። ወሊዮች ሆይ፣ ስለ መህሩ ሳምንት ሙሉ ትከራከራላችሁ፤ ወረዳ ለመሄድ ግማሽ ቀን አጣችሁ?

እህታችን፣ ለመቅረት ካሰብሽ የጉብኝት ቪዛ አትያዢ። የምትመለሺ ከሆነ «ባሌ ነው፣ ልጠይቀው መጣሁ» በይ፤ የጋብቻ ሰርተፍኬትሽንና የመመለሻ ትኬትሽን አሳዪ። ሊመልሱሽ ይችላሉ። እውነት ተናግረሽ ከተመለስሽ ግን እንደገና ማመልከት ትችያለሽ።