ብየዳ በማየት የሚለመድ ሙያ አይደለም

ለጋዜጣው ክቡር ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ብየዳ ትምህርት ያለኝን ሐሳብ በአንባብያን ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአገራችን የእጅ ሥራ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በማየት ነው። ሸማኔው ልጁን ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ቀጥቃጩም ልጁን ወናፍ እያስነፋ ሙያውን ያወርሰዋል። ልጁ ለብዙ ዓመት ያያል፣ ያቀብላል፣ በመጨረሻም እጁ ይፈታል። ይህ አሠራር የሚነቀፍ አይደለም፤ ስንቱን ትውልድ አልብሶአል፣ ማረሻም አስይዞአል። ዳሩ ግን ብየዳ ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ የተቀበልነው በዚያው በለመድነው መንገድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ በባዶ ዓይን የሚያየውን ሰው ዓይን ያቃጥላል። በማየት እንማረው ብንል ማየቱ ራሱ ጉዳት ነው።

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሰው በረንዳ ላይ የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶችን ያያል። ባለሙያው የፀሐይ መነጽር አድርጎ ይበይዳል፤ ዕድሜው ከዐሥራ ሦስትና ከዐሥራ አራት የማይበልጥ ረዳቱ አንጎላሬውን ወይም ቱቦላሬውን በእጁ ይዞ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። የፀሐይ መነጽር ለፀሐይ እንጂ ለብየዳ አልተሠራም። ለአርክ ብየዳ የሚያስፈልገው ጥቁር መስተዋት እንደ ኤሌክትሪኩ መጠን 10 ወይም 11 ቁጥር ሲሆን፣ ለጋዝ ብየዳ 5 ቁጥር አካባቢ ይበቃል። አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን ይጠብሰዋል፤ ሕመሙ ግን ወዲያው አይሰማም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት፣ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ዓይን ይቆረቁራል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይጠላል። ከትምህርት በኋላ በብየዳ ቤት የሚረዱ ተማሪዎች በማግሥቱ ዓይናቸው ደም መስሎ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ አይቻለሁ።

ነገሩ የዓይን ብቻ አይደለም። የዚህ አገር ኑሮ ቡና ነው። ከበበቃና ከቴፒ ታላላቅ እርሻዎች አንሥቶ እስከ ገበሬዎች ማኅበር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ቡናው በብረት ላይ ያልፋል። መፈልፈያው፣ የውሃ ቱቦው፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ የጭነት መኪናው አካል ሁሉ በብየዳ የተያያዘ ነው። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃውም ይወርዳል። በለቀማ ወራት የመፈልፈያው አካል ቢሰነጠቅ፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪደርስ ቡናው አይጠብቅም። ያን ዕለት የገበሬው የዓመት ድካም የሚወድቀው በአንድ በያጅ እጅ ላይ ነው።

ይህ የመፈልፈያ አካል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ብረት እንደ ተራ አንጎላሬ በቀጥታ ቢበየድ፣ ድንገት ሞቆ ድንገት ስለሚበርድ ከስፌቱ ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። አዋቂ በያጅ ዕቃውን አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ከበየደውም በኋላ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በደረቅ አሸዋ ወይም በአመድ ይቀብረዋል። አለዚያም ኒኬል ያለበትን ኤሌክትሮድ ይመርጣል፤ ወይም በጋዝ እሳት የነሐስ ዘንግ አቅልጦ ያያይዘዋል። ቆሞ የሚመለከት ልጅ እሳቱን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያይም።

አንዳንድ ሰዎች የጋዝ ብየዳ ጊዜው አልፎበታል፣ አርክ ይበቃናል ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱም ያስፈልጉናል እላለሁ። አርክ ብየዳ ፈጣን ነው፤ ለወፍራም ብረትም ይመቻል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቀን ጄኔሬተር የሌለው ሥራ ቤት እጁን አጣጥፎ ይውላል። የጋዝ ብየዳ መብራት አይጠብቅም። ኦክስጅንና አሴቲሊን ተቀላቅለው ሲነዱ ወደ 3,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ነበልባል ይሰጣሉ፤ ተራው ብረት በ1,500 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለቀጭን ላሜራ፣ ለመዳብ ቱቦ፣ ብረት ለመቁረጥም ያገለግላል።

ይህ እሳት ግን ሕግ አለው። የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ዘይትና ግራሶ ሊነካው አይገባም፤ ቢነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። አሴቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ሟሙቶ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይሠራበትም። በጎማው ቱቦ የሚሄደውም ግፊት ከ1 ባር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጋዙ ያለ አየርም ሊፈነዳ ይችላል። ነበልባሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያም በቱቦው ላይ መገጠም አለበት። ሲሊንደር ባለመኖሩ ካርባይድና ውሃ በበርሜል ቀላቅሎ ጋዝ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባዋል።

የአገሩ አየርም ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። በደቡብ ምዕራብ ዝናብ የሚጥልባቸው ወራት ብዙ ናቸው። የኤሌክትሮድ ልባስ እርጥበት ይጠጣል፤ በረጠበ ኤሌክትሮድ የተበየደ ስፌት ላዩ አምሮ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። በጠንካራ ብረት ላይ ደግሞ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ስፌቱ ገብቶ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያሰነጥቀዋል። ስለዚህ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ በምድጃ ደርቆ በሙቅ ሣጥን ይጠበቃል እንጂ ካርቶኑ ተቀድዶ መሬት ላይ አይጣልም። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ማታ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ወባ በሚበዛበት በቴፒ ቆላ የታመመው ልጅ ወባ ያዘኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?

እንግዲህ የግፊቱ ልክ፣ የማይታየው ጨረር፣ በስፌቱ ውስጥ የተሸሸገው ስንጥቅ፣ የጭሱ መርዝ፣ ሁሉም በዓይን የማይደረስባቸው ነገሮች ናቸው። በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው የማይታየው ክፍል ነው። የማይታየውን የሚያሳየው ደግሞ ትምህርት ነው።

እኔ የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን እንደሚወጣ ተማሪዎቼ በቃላቸው ይነግሩኛል። ጀርመናዊው ቮለር ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1862 ሲሆን፣ ፈረንሳውያኑ ፉሼና ፒካር የኦክስጅንና የአሴቲሊን መበየጃ የሠሩት በ1903 ነው። ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሥራ ቤት እስኪደርስ 40 ዓመት ያህል ፈጅቶአል። በእኛ ከተማ ከክፍሉ እስከ ብየዳ ቤቱ የእግር መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ቀመሩን ያውቃል፣ እሳቱን አልነካውም፤ የብየዳ ቤቱ ልጅ እሳቱን ያውቃል፣ ምክንያቱን የነገረው የለም።

ይህን ክፍተት እንዲሞሉ የተቋቋሙት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። የሙያ ደረጃው ተጽፎአል፤ የብቃት ምዘናም ተዘርግቶአል። የጎደለው ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ ያልሆነ ነገር ነው፤ እርሱም አላቂ ዕቃ ይባላል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ኮሌጅ የብየዳ ማሽኖቹ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረው አይቻለሁ። ኤሌክትሮድ ግን አልነበረም። ማሽኑ ቋሚ ንብረት ስለሆነ ይመዘገባል፣ በየዓመቱም ይቆጠራል። ኤሌክትሮዱ ነድዶ ስለሚያልቅ በወረቀት ላይ ብክነት ይመስላል፤ በጀት ሲያጥርም ቀድሞ የሚሰረዘው እርሱ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የሚገኘው በሚነድደው ኤሌክትሮድ ላይ ነው። ሳያቃጥሉ በያጅ መሆን፣ ዱቄት ሳይነኩ እንጀራ ጋጋሪ እንደ መሆን ነው።

የእጅ ሙያን ማክበር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። በእኛም ዘንድ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ተነግሮናል፤ ከመጽሐፉ ጋርም መዶሻና መጋዝ ይሰጠን ነበር። አዋጅም፣ ትምህርት ቤትም፣ ምክርም አላነሰንም።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሚገባ ያልተበየደ የትምህርት ቤት በር ሲወድቅ፣ የውሃ ታንከር ሲያፈስስ፣ ማጠቢያ ጣቢያ በለቀማ መካከል ሲቆም፣ ገንዘቡን ከመክፈል አልዳንንም፤ ሌላ መዝገብ ላይ ከፈልነው እንጂ።

ስለዚህ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለብየዳ ሥልጠና የሚመደበው አላቂ ዕቃ በተማሪ ቁጥር ልክ ተሰልቶ ወደ ሌላ አርዕስት እንዳይዛወር ይደረግ። ሁለተኛ፣ ኮሌጆቹ ቡና በማይለቀምባቸው ወራት ማታና ቅዳሜ በራቸውን ከፍተው፣ በየበረንዳው የሚሠሩትን ባለሙያዎች ከነረዳቶቻቸው ያሠልጥኑ፤ እነዚህ ሰዎች እጃቸው ተፈትቶአልና ትምህርቱ ፈጥኖ ይገባቸዋል። ሦስተኛ፣ የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ተገቢው የብየዳ ማስክ ለባለሙያውም ለረዳቱም መኖሩ ይታይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለውንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል፤ ይህ በበረንዳውም ላይ ይሠራ። አራተኛ፣ መንግሥት በርና መስኮት፣ የተማሪ ወንበርና የውሃ ታንከር መስቀያ በጨረታ ሲያሠራ፣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የበያጁን የብቃት ማረጋገጫም ይጠይቅ። ለትምህርት ዋጋ የሚሰጥ ገበያ ካለ ትምህርቱን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።

ይህን ለመፈጸም ሥልጣኑም ማኅተሙም ያለው ጋዜጣውን በየቢሮው ከሚያነቡት ወንድሞቼና እህቶቼ ዘንድ ነው። የሚመጣው ዓመት የበጀት ጥያቄ ሲዘጋጅ፣ ኤሌክትሮድና ማስክ የሚለውን መሥመር ከመሰረዛቸው በፊት፣ ብረቱን ይዞ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረውን ልጅ ያስቡልን እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር

ከሚዛን ተፈሪ