ስለ ዕረፍት ጊዜ፤ በግሪክ አገር ባሕር ዳር ያለች መንደር

ሥራን ማክበር የሚገባውን ያህል ዕረፍትንም ማክበር ይገባል። ማሳ እንኳ ያለ ፋታ ዓመት ካመት ቢታረስ ፍሬው እያነሰ ይሄዳልና፤ በጽሕፈት ቤት ከመዝገብ ጋራ ሲታገል የከረመ አባትና በቤት ከማለዳ እስከ ማታ ስትደክም የኖረች እናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቢሰነብቱ እንደ ቅንጦት ሊቈጠርባቸው አይገባም። ሆኖም ለዕረፍት ሄደው ደክመው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ይህም የሚሆነው ቦታውን ለውጠው የኑሮውን ሸክም ግን እንደ ያዙት ስለሚሄዱ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆነን ዘንድ በግሪክ አገር ያለችውን ካርዳሚሊ የምትባለውን መንደር መርጠናል። ካርዳሚሊ በፔሎፖኔሶስ ደቡብ በማኒ አውራጃ፤ ከካላማታ ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በስተ ኋላዋ ከፍታው 2,400 ሜትር የሚሆን የታይጌቶስ ተራራ ቆሟል፤ በፊቷም የሜሴንያ ባሕረ ሰላጤ ተዘርግቷል። ፊቷ ወደ ምዕራብ ስለ ሆነ ፀሐይ በባሕሩ በኩል ስትጠልቅ ከየደጃፉ ትታያለች።

የስሟ ጥንታዊነትም የሚያስደንቅ ነው። ሆሜር በኢልያዳ እንደ ተረከው፤ ንጉሥ አጋሜምኖን የተቀየመውን ጀግና አኪሌስን ለማስታረቅ እሰጠዋለሁ ካላቸው ሰባት ከተሞች አንዷ ካርዳሚሊ ነበረች። በአሮጌው ሰፈሯ የቅዱስ ስጲሪዶን ቤተ ክርስቲያንና ግንብ ያለው የሙርዚኖስ ቤተ ሰብ መኖሪያ ይገኛሉ። በፈረንጆች ቍጥር በ1821 ዓመት ግሪኮች ለነጻነታቸው ሊነሡ ሲሰናዱ፤ የጦር አለቃው ቴዎዶሮስ ኮሎኮትሮኒስ በዚህ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። ይህን ለልጆች በእግር እያዘዋወሩ መንገር መልካም ነው።

እንዲህ ባለች መንደር ለቤተ ሰብ የሚሻለው ከታላቅ ሆቴል ይልቅ አነስተኛ የድንጋይ ቤት መከራየት ነው። ልጆች በግቢው እንደ ልባቸው ይጫወታሉ፤ የሚበላውም በተራበ ሰዓት ይበላል። ነገር ግን ቤት የተከራየ ማድ ቤትም አብሮ መከራየቱን አይዘንጋ። ባል በወይራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ባሕሩን ሲመለከት ሚስቱ ከምድጃ አጠገብ የምትውል ከሆነች፤ ያረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ ጌታውን አሳርፎ አላበቃም፤ ሎሌውንና ገረዲቱን፤ ከብቱንም ሳይቀር አስቧል። እንግዲያውስ የቤት እመቤትን እንዴት እንርሳት?

ስለዚህ ከመነሣት በፊት ሥራውን መከፋፈል ያስፈልጋል። ማለዳ አባት ከትልቁ ልጅ ጋራ ዳቦ ገዝቶ ይምጣ፤ ታናናሾቹ ገበታ ያንሡ። የአገሩም ምግብ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቲማቲምና ኪያር፤ የበግና የፍየል ወተት አይብ፤ የወይራ ፍሬ፤ ተቀቅሎ የወይራ ዘይትና ሎሚ የፈሰሰበት የዱር ጎመን፤ ይህ ሁሉ ብዙ ድካም አይሻም። ማታ ማታ በባሕር ዳር ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣ ቢበሉ እናት ከማድ ቤት ፈጽማ ታርፋለች።

ለዋና የሚሻለው ማለዳ ነው። የባሕሩ ዳር ጠጠር ስለ ሆነ ቀላል ጫማ ያስፈልጋል፤ ልጆችም ያለ አዋቂ ጠባቂ ከቶ ወደ ውሃ አይግቡ። በግሪክ አገር በበጋ ወራት፤ በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ከቀትር በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ሁካታ በደንብ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ሰዓት መንደሩ ይተኛል። እንግዳም ልጆቹን አስተኝቶ የአገሩን ልማድ ቢያከብር ራሱ ይጠቀማል።

ስለ ወራቱ የሆነ እንደ ሆነ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሕዝቡም ይበዛል። ግንቦትና መስከረም ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ይስማማሉ፤ በመስከረም ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ገና አልለቀቀም። ሆኖም በፈረንጆች ነሐሴ 15 ቀን የሚገኝ ሰው የእመቤታችንን የዕረፍት በዓል ያያል። ግሪኮችም እንደ እኛ የፍልሰታ ጾም፤ ከዚህ በዓል በፊት 14 ቀን ስለሚጾሙ፤ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። አባት ዳቦ መግዛትን፤ ልጆችም ገበታ ማንሣትን በባሕር ዳር ከለመዱ፤ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ ይህን ልማድ አይተዉት። እንዲህ ያደረገ ቤተ ሰብ ዓመቱ እስኪዞር ድረስ ሳይጠብቅ በየሳምንቱ ያርፋል።