ክሩዘር በጉኑኖ ጭቃ ላይ

ሞተር ሊገዛ ያሰበ የጉኑኖ ወጣት ስልኩን ከፍቶ የሚያሳየን ቦክሰር አይደለም። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ሶፋ የሚመስል ክሩዘር ነው። እኛም እንወደዋለን፣ ምን ይዋሻል! "ልጅነት ነው፣ ያልፍላችኋል" የሚሉንን ታላላቆቻችንንም አንሰማም። መልክ መውደድ ነውር የለውም። የሚያሳዝነው፣ የወጣለትን እቁብ ወይም አባቱ በሬ ሽጦ የሰጠውን ብር በሙሉ መልክ ላይ አፍስሶ፣ በሦስተኛው ወር ሞተሩን ግድግዳ የሚያስደግፈው ነው።

ክሩዘር ያደገው አሜሪካ፣ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተር ሲሠራ ኖሯል፤ በ1969 የወጣው "ኢዚ ራይደር" ፊልም ደግሞ ያንን ቅርጽ በዓለም ወጣት ጭንቅላት ውስጥ ተከለው። እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወገብን አሳርፎ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ትክክለኛ ቅርጽ ነው። ለጀማሪም አንድ የማይካድ ጥቅም አለው። የሆንዳ ሬብል ወንበር ከመሬት 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው እንኳ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ይቆማል። ከእኛ መካከል ይህ የሚመለከታቸው አሉ፣ ስም አንጠራም።

ችግሩ መሬቱ ነው። የጉኑኖ አፈር የተጠና አፈር ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተተክሎ፣ ዝናብ ከተዳፋቱ ላይ ምን ያህል አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ሲለካበት ኖሯል። ቀይ ሸክላ አፈር፣ ቁልቁለት፣ በልግም ክረምትም የሚወርድ ዝናብ። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ቀበሌ ስትገቡ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ይጠብቃችኋል። የክሩዘር ሆድ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ማርሚታው ይፋቃል። እግራችሁ ወደ ፊት ስለተዘረጋ ጉድጓድ ሲመጣ ብድግ ብላችሁ ማሳለፍ አትችሉም፤ ምቱ በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል። ሮያል ኢንፊልድ ሜቴዎር 350 ክብደቱ 191 ኪሎ ነው። ጭቃ ላይ አንዴ ከተኛ ጎረቤት መጥራት ነው።

"እሱ ውድ ነው፣ እኛ ርካሹን ነው የምንለው" ትሉን ይሆናል። ርካሹ ክሩዘር ብዙ ጊዜ የ150 ሲሲ ሞተር የትልቅ ልብስ ለብሶ ነው፤ ጉልበቱ ያው፣ ሸክሙ ግን የበዛ። በዚያ ላይ በእኛ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም። ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትጀምሩ ይገባችኋል። ሻል ያለው ባጃጅ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ ያወጣው አቬንጀር ነው፤ እሱንም ብታገኙ ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት ሌላ ነገር አለ።

እሱም መለዋወጫ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሶዶ ሂዱና የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ የቤንዚን መስጫ ገመድ ጠይቁ። "ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" ካሏችሁ ሞተሩን እርሱት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል፤ ዛሬ የጠየቃችሁት ዕቃ በሚቀጥለው ወር በዚያው ዋጋ እንደሚገኝ ማንም ማለልኝ አይልም።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ፣ የሚያስቀይመው ይቀየም፣ ያገለገለም ቢሆን የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የሚገጥም፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለ፣ ማንኛውም የሶዶ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ሞተር ነው። ስታዩት ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት አለው። ክሩዘር የማያስተኛችሁ ከሆነ መሪውን ቀይሩ፣ ወንበሩን አስለብሱ፣ ኒኬል ቀቡ። የፊት ሹካውን ግን በብየዳ አታስረዝሙ። ብየዳው የሚለቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ካላችሁ ብር አምስት እጅ አንዱን ደግሞ ሞተር ቤት ይዛችሁ አትግቡ። መንጃ ፈቃድ፣ የስም ማዞሪያ፣ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ከዚያ ይወጣል። ሄልሜትም፣ ሁለት። እዚህ አገር ሄልሜት ፖሊስ ሲታይ ከመሪ ወደ ራስ የሚዛወር ጌጥ ሆኗል፤ የኋላ ተቀማጭ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ጉኑኖ ውስጥ ግን ሞተር የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ጠዋት እህትን ትምህርት ቤት፣ በገበያ ቀን እናትን ከነስኳር ድንች ጆንያዋ፣ ማታ የታመመ ጎረቤትን ጤና ጣቢያ ያደርሳል። የክሩዘር የኋላ ወንበር ግን ለብዙዎቹ የይስሙላ ነው፣ መዳፍ የምታህል። እናታችሁን የት ልታስቀምጧት ነው?