ደመወዝ ምሥጢር ነውን?



በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ ባለው ሰፈር፣ ብዙ ቤተ ሰብ በሸማ ሥራና በልብስ ስፌት ይተዳደራል። በአንድ ስፌት ቤት የሚሠሩ አንዲት እናትና አንድ አባወራ በጽዋ ማኅበር ላይ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲጨዋወቱ፣ ሳያስቡት የደመወዛቸውን ልክ ተነጋገሩ። ሥራቸው አንድ፣ የተቀጠሩበትም ጊዜ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የእርሷ ደመወዝ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእርሱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለአሠሪያቸው ቢያመለክቱም «ደመወዛችሁን እንድታወሩ ማን ፈቀደላችሁ?» ተባሉ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ እኩል ክፍያ እንዲያገኙ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ አሠሪው የደመወዝ መዝገብ እንዲይዝና የተጻፈውን ለሠራተኛው እንዲያስረዳ ያዝዛል። ነገር ግን የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ይህች እናት ሳታውቅ ያለፈው ጊዜ አብዛኛው ድካሟን ይዞባት ሄዷል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የሠራተኛ ሕግ፣ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ይጠብቃቸዋል። የእኛ አዋጅ ይህን በስሙ ጠርቶ ባያነሣውም፣ 10 ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ከአሠሪያቸው ጋር በኅብረት እንዲደራደሩ ፈቅዷል። ስለ ደመወዝ ሳይነጋገሩስ ስለ ደመወዝ መደራደር እንደ ምን ይቻላል?

አንዳንዶች በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተነገረውን የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ ለዝምታ ማስረጃ ያደርጉታል። ነገር ግን የወይኑ ጌታ ኋላ የመጡትን አስቀድሞ ያስከፈለው ሁሉ እያየ ነው። ያጉረመረሙትንም ስለ ተነጋገሩ አልቀጣቸውም፤ ከውላቸው አንዳች እንዳላጎደለባቸው አስረድቶ መለሰላቸው እንጂ። ያወገዘው ምቀኝነትን ነው። እኛም የወንድማችንን እንጀራ አይተን እንዳንቀና እንጠንቀቅ፤ የጎደለውን ለማቅናት ግን በትሕትናና በእውነት መነጋገር ኃጢአት አይደለም።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንንም እንመርምር። በቤታችን የምታገለግለንን ልጅ «የምከፍልሽን ለጎረቤት ሠራተኛ እንዳትነግሪ» ብለን ያስጠነቀቅን ስንቶች ነን? ልኩ ቢሰማ የምናፍርበት ከሆነ፣ ማቅናት የሚገባን ደመወዟን ነው እንጂ አንደበቷን አይደለም።