ቤተ ሰብን ወደ ታናሽ ከተማ ስለ ማዛወር

አንድ የተከበሩ የመንግሥት ሹም ለዚህ ገጽ በላኩት ደብዳቤ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አንድ ታናሽ ከተማ ለሥራ መዛወራቸውን ገልጸው፣ «ከቤቴ ዕቃ ምን ምኑን ልጫን? ምን ምኑንስ ልሽጥ?» ሲሉ ምክር ጠይቀዋል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ባነበው፣ ስለ አልጋውና ስለ ቁም ሣጥኑ እንጂ ስለ ባለቤታቸውና ስለ ልጆቻቸው የተጻፈ አንድ ቃል አላገኘሁበትም። ስለዚህ መልሴን ከዕቃው ሳይሆን ከሰው ልጀምር። እኔም በዚሁ መንገድ የተሳሳትሁ ሰው ነኝና የምጽፈው ከራሴ ቤት ነው።

ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ መቀመጥ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደው አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡለት፤ ከተማውም ከእንጦጦ ወደ ታች ወረደ። ሆኖም በዚያ ዘመን ንጉሥ ሲነሣ መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ካህኑም፣ ወጥ ቤቱም አብሮ ይነሣ ነበር። ቦታ ተለወጠ እንጂ ጎረቤት አልተለወጠም። የዛሬ ሠራተኛ ሲዛወር ግን ቤተ ሰቡን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ከኋላው ይቀራል። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው።

እኔ በጥር ወር 1999 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በ15ኛው ምእተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቈረቈሯት ጥንታዊት ከተማ ናት። ዛሬ በፋብሪካና በዩኒቨርሲቲ ሰፍታ ታናሽ ልትባል አይገባትም፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ግን የተገኘባት ሰው 65 ሺህ ያህል ነበር። የአዲስ አበባው ከ2 ሚሊዮን 700 ሺህ ይበልጥ ነበር። እኔም ከጥቂት ቀን በፊት ብቻዬን ሄጄ ቤት ተከራይቼ፣ የጭነት መኪና ተዋውዬ፣ የጕዞውን ቀን ቈርጬ ከተመለስሁ በኋላ፣ ነገሩን ለቤተ ሰቤ በራት ጊዜ ነገርኋቸው። የምሥራች የነገርኋቸው መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ገበታውን አነሣች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ታላቂቱ ልጄ ተነሥታ ወደ መኝታዋ ገባች። አብረውን የሚኖሩት እናቴ ግን ጥቂት ዝም ብለው ቈይተው፣ «ልጄ፣ አንተ የምትሠራበትን ቤት አይተህ መጣህ፤ እኔ የምቀበርበትንስ አይተህ መጣህን?» አሉኝ።

እናቴ በሰፈራችን ዕድር 31 ዓመት ከፍለዋል። የስንቱን ለቅሶ በድንኳን ሥር ተቀምጠው አሳልፈዋል፤ ስንት ሌሊት ንፍሮ ሲቀቅሉ አድረዋል። ይህ ሁሉ ድካም በእርሳቸው ቀን እንደሚመለስላቸው ያምኑ ነበር። ዕድር ግን በባንክ እንዳለ ገንዘብ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አይላክም። እኔ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁትም ነበር፤ እኔ የተውሁት ነገር አልነበረምና። ሥራዬም፣ ደመወዜም፣ ማዕርጌም አብረውኝ ይሄዱ ነበር። የቀሩት ግን እያንዳንዳቸው አንዳንድ ነገር ጥለው መሄዳቸው ነበር።

በማግሥቱ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄጄ ብጠይቅ፣ ደንቡ ከሰፈር የለቀቀ አባል በወኪል እየከፈለ እንዲቈይ የሚፈቅድ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ይሰጣል፤ ድንኳኑና ጕልበቱ ግን ከሰፈር አይወጣም። ስለዚህ አንድ ዘመዳችንን ወኪል አደረግንና በደብረ ብርሃን ሌላ ዕድር ገባን። በዚያም አዲስ ገቢ ነባሮቹ ካጠራቀሙት ጋር እንዲመጣጠን መግቢያ ይከፍላል፤ ከፈልን። ለአዲሱ ቤት መጋረጃ ያሰብሁት ገንዘብ በዚህ አለቀ፤ እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የልጄ ነገር እንዲህ በቀላል አልተቃናም። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በየራሳቸው የሚያዘጋጁት ስለ ሆነ፣ እኔ ፈተናው አምስት ወር ሲቀረው ከአንዱ አውጥቼ ወደ ሌላው አስገባኋት። ማለፉን አለፈች፤ ውጤቷ ግን ከወትሮው ዝቅ አለ። «አባባ፣ እስከ ሰኔ ብትታገሠኝ ምን ነበር?» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እውነትም እርሷ ከእናቷ ጋር እስከ ሰኔ በአዲስ አበባ ብትቈይ፣ እኔ በየሳምንቱ ተመላልሼ ልጠይቃቸው በቻልሁ ነበር።

ባለቤቴም ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ሥራ ለቀቀች። ሌላ ያገኘችው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ያውም ባነሰ ደመወዝ ነው። በቤት ኪራይ አተርፋለሁ ብዬ ያሰላሁትን በእርሷ ደመወዝ ከሰርሁት። በዚህም ላይ ብርዱ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከአዲስ አበባ እርሾ ይዛ የሄደችው ባለቤቴ ሊጡን አቡክታ እንደ ልማዷ በሦስተኛው ቀን ብትከፍተው ኵፍ አላለም። እንጀራዋ ዓይን አልባ ሆኖ ወጣ፤ እርሷም ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእንጀራው ብቻ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ።

በዚያ ቀን የጎረቤታችን እመቤት የኵበት ፍም ለመስጠት መጥተው ነገሩን አዩ። ሳይስቁ፣ ሳያፍሩባት፣ የሊጡን ዕቃ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡትና፣ «እዚህ አገር ሊጥም እንደ ሕፃን ይለበሳል» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን በቡና ላይ ሰው ያየ ሆነ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይህ ነው።

በ2005 ዓ.ም. እናቴ በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ፀሐይ ሳትወጣ የደብረ ብርሃኑ ዕድር ድንኳን ተከለ፤ ያችው የሊጡ ጎረቤት ንፍሮ ስትቀቅል አደረች። ከቀትር በፊት ደግሞ የድሮ ሰፈራችን ሽማግሌዎችና ሴቶች በአውቶቡስ ደረሱ። በድንኳኑ ውስጥ ማን የየትኛው ዕድር ሰው እንደ ሆነ የለየ አልነበረም። የእናቴ ጥያቄ መልሱን ያገኘው ያን ቀን ነው። ጥያቄውን ግን እርሳቸው ባይጠይቁኝ እኔ አላስበውም ነበር።

እንግዲህ ለተከበሩት ጠያቂያችን የምለው ይህ ነው። መኪና ከመዋዋልዎ በፊት የቤትዎን ሰው አንድ በአንድ፣ «አንተ ከዚህ የምትተወው ምንድን ነው? አንቺስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሚተዉት ውስጥ የትኛው በወኪል እንደሚቈይ፣ የትኛው በሌላ እንደሚተካ፣ የትኛው ጊዜ እንደሚሻ ይለዩ። ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱና አንድ ሌሊት አድረው ይመለሱ፤ ቀን ያማረ ከተማ ሌሊት ብርዱ ወይም ውሃ ማጣቱ ይገለጣልና። ተማሪ ካለዎት ጕዞውን ትምህርት ከሚዘጋበት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ያድርጉት። ወራቱ ክረምት ስለ ሆነ ዕቃው እንዳይበሰብስ ጠንካራ ሸራ ያስፈልጋል፤ የራሰ ፍራሽ ግን በፀሐይ ይደርቃል፣ የባከነ የትምህርት ዓመት አይመለስም። የልጆቹን የትምህርት ማስረጃና የነዋሪነት መሸኛውን በእጅዎ ይያዙ እንጂ ከዕቃው ጋር አይጫኑት።

ከደረሱም በኋላ፣ «እኛ አዲስ አበባ ሳለን» የሚለውን ንግግር ከቤትዎ ያርቁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በየተገኘሁበት እርሱን ስደጋግም ሰዎች በትሕትና ያደምጡኝ ነበር፤ ደጄን ግን አይረግጡም ነበር። ሹም በማዕርጉ ይከበር ይሆናል፤ ለአገር እንግዳ የሆነ ቤተ ሰብ የሚኖረው ግን በጎረቤት ፈቃድ ነው።

ስለ ዕቃው የጠየቁኝን አልረሳሁም። ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ምጣዱንና መጻሕፍቱን ይጫኑ። ትልቁን ቁም ሣጥን ይሽጡትና፣ ዋጋውን ለዕድር መግቢያ ያስቀምጡት።