«አባባ፣ አንበሳው የታለ?»

ባለፈው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስሰማት የዋልኳት ጥያቄ ይህች ናት። ጠያቂው የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው፤ ጥፋተኛው ግን እኔ ነኝ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንደምንሄድ የሰማ ዕለት «አንበሳ አለ?» ቢለኝ፣ «እንዴታ! አሳይሃለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁለት። ሳምንቱን ሙሉ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲያወራ ከረመ።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ፓርኩ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የዱር እንስሳት ደግሞ ደህና አድርገው የሚታዩት ማለዳና ወደ ማምሻው ላይ ነው። ፀሐይ ከበረታች ጥላ ፍለጋ ይገባሉ። ልጄ እየነዳ፣ እኔ ጋቢና፣ ምራቴና ሁለቱ ልጆች ከኋላ ሆነን አዳማን አለፍን። የበሰቃን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘን መተሐራ ስንደርስ ነግቶ ነበር። ፓርኩ በር ላይ ከፍለን፣ አንድ ስካውት ጠመንጃውን ይዞ ከልጆቹ ጎን ተጠጋግቶ ተቀመጠ።

አዋሽ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከአገራችን ቀደምት ፓርኮች አንዱ ነው። ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ስካውቱ «ሞተር አጥፉ፤ ማንም እንዳይወርድ» አለን። እንስሳቱ መኪና ለምደዋል፤ ሰው በእግሩ ቆሞ ካዩ ግን ይሸሻሉ። ዝም ብለን ጠበቅን። ሃያ የሚሆኑ ሳላዎች እየጋጡ ወደ እኛ ቀረቡ። ግራጫ ገላ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የሚመስል ፊት፣ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ። ከጎን ሲታዩ ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ።

የአሥራ አንድ ዓመቷ እህቱ «ሴቶቹ የትኞቹ ናቸው? ሁሉም ቀንድ አላቸው እኮ» አለች። ስካውቱ ሴቷም ወንዱም ቀንድ እንዳላቸው ነገራት። ውሃ ባያገኙ እንኳ ከሚግጡት ሣርና ቅጠል እርጥበት እየወሰዱ ብዙ ቀን እንደሚቆዩም ጨመረላት። ሳላ የሚኖረው በእኛ አካባቢና በምሥራቅ አፍሪካ ብቻ ነው፤ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተቆጥሯል። እሷ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ትንሹ ግን «አንበሳው የታለ?»

ከርከሮዎች ጭራቸውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርገው ሮጡ። ከጥንቸል ብዙም የማትበልጠው ዲክዲክ ከነባሏ ቁጥቋጦ ሥር ቆማ አየችን፤ እነዚህ እንስሳት ጥንድ ሆነው አብረው ነው የሚኖሩት። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ሲደረደሩ እኔ ብስኩት ላወጣ ኪሴ ገባሁ። ስካውቱ እጄን ያዘኝ። «አባቴ፣ ከእጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ አስፋልት ዳር ነው የሚውለው» አለኝ። በፓርኩ መሐል የሚያልፈው ወደ ጅቡቲና ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው፤ ከባድ መኪና አይለየውም። አፍሬ ብስኩቴን መለስኩ።

ረፋዱ ላይ ልጁ ከንፈሩን ጣለ፤ እንባው ቀረበ። እኔም አንጀቴ አልችል አለኝና በሩቅ ወዳለ የግራር ጥላ ጠቆምኩ። «ያውና! ጅራቱን አየኸው? አሁን ገባ!»

ልጁ በመስኮቱ ተንጠራርቶ ጥቂት አየ። ከዚያ «አየሁት! እኔም አየሁት!» ብሎ ጮኸ።

እዚያ ምንም አልነበረም። ስካውቱ በዝምታ አየኝ፤ እህቱም በመነፅሯ ግራሩን ፈልጋ ፈልጋ ወደ እኔ ዞረች። ልጁ ያየው ነገር የለም፤ እኔን ላለማሳፈር ነው አየሁ ያለው። የአንበሳ ጅራት ላሳየው ብዬ ውሸት አስተማርኩት።

ምሳችንን አዋሽ ፏፏቴ አጠገብ በላን። እንጀራው አልወርድ ቢለኝ ልጁን ወደ ጥግ ወሰድኩት። «ቅድም ያልኩህ እውነት አልነበረም። አንበሳ አላየሁም። ስታዝን ማየት ስላልቻልኩ ነው የዋሸሁህ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እኔም አላየሁም» አለኝ በቀስታ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ሳላውን በእውነት አይቼዋለሁ፣ አይደል?» አለ። «በእውነት አይተኸዋል» አልኩት። ስካውቱን ስለ አንበሳ ስንጠይቀው አንበሳ በፓርኩ መኖሩን ነግሮን፣ እሱ ራሱ ግን እዚያው እየዋለና እያደረ ሳያይ የሚከርምበት ጊዜ ብዙ እንደሆነ አጫወተን። ይህን ከጉዞው በፊት ለልጁ ብነግረው ኖሮ ምን ነበረበት?

አንበሳ በአጥር ወደሚጠበቅበት ግቢ የሄደ ልጅ ከፍሎ ይገባል፣ አንበሳውንም ያያል። በፓርክ ግን ቤቱ የእነሱ ነው፤ ደስ ካላቸው ይወጣሉ፣ ካላሰኛቸው ይተኛሉ። እናትና አባቶች፣ አያቶችም፣ ለልጅ ቃል ስትገቡ «እናያለን» ሳይሆን «እንፈልጋለን» በሉ። አንድ እንስሳ ብቻ እንዲጠብቁ አታድርጓቸው፤ ደብተርና እርሳስ ስጧቸው፣ ያዩትን ሁሉ ይመዝግቡ። ከተገኘ የርቀት መነፅር ያዙ፤ ውሃ አብዝታችሁ ጫኑ፤ ነዳጅ መተሐራ ላይ ሙሉ። መኪናውን በዝግታ ንዱ፤ ለእንስሳ ምንም አትወርውሩ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ደጋግሞ መንቀጥቀጡን አትዘንጉ፤ ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውንና የመንገዱን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሰኞ ማታ ልጁን «ለጓደኞችህ ምን አልካቸው?» አልኩት። «አንበሳው ተኝቶ ነበር፣ አላየነውም አልኳቸው» አለኝ። ተኝቶ ይሁን አይሁን ባናውቅም፣ አላየነውም ማለቱ በቅቶኛል።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።