ስንቅና መሣሪያ ብቻውን መንገደኛን ያድናልን?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ በረሃ በሚሄድበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ ዕቃው መሆኑ የታወቀ ነው። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ በሶውንና ድርቆሹን በአቁማዳ ቋጥሮ፥ ውሃውን በፍየል ስልቻ ሞልቶ፥ ጭነቱን በግመል ላይ አሳስሮ ይነሣ ነበር። የዛሬው መንገደኛ ደግሞ ቀላል ድንኳን፥ የውሃ ማጣሪያ፥ ኮምፓስ፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ፥ ከሳተላይትም ጋራ ተገናኝቶ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት መሣሪያ ይዞ ይነሣል። በዚህም ላይ እሳት ማንደድን፥ ገመድ መቋጠርንና ቊስል ማሰርን የተማረ እንደ ሆነ፥ ከእንግዲህ ወዲህ የማንም ርዳታ አያስፈልገኝም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ብዙ ሰው ያጠፋ እምነት ስለ ሆነ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል።

ነገሩን በመጀመሪያ ነጋዴ ሒሳቡን በሚመረምርበት ዐይን መመርመር ይሻላል። በአፋር ቆላ ውስጥ ዳሎል የተባለው ስፍራ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ድረስ በተመዘገበው ልክ፥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሳንቲግሬድ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ሙቀት በእግሩ የሚጓዝ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ውሃ በላብ ያጣል። ስለዚህ በቀን 10 ሊትር ቢያስፈልገው፥ ለ3 ቀን መንገድ 30 ሊትር ይሆናል፤ ክብደቱም 30 ኪሎ ነው ማለት ነው። ውሃውን ቢያሳንስ ይጠማል፤ ቢያበዛ ሸክሙ ራሱ ላቡን ጨምሮ ያደክመዋል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ትርፍ የለውም።

መሣሪያዎቹም እያንዳንዳቸው ወሰን አላቸው። ማጣሪያ የቆሸሸውን ውሃ ያጠራል እንጂ የሌለውን ውሃ አያፈልቅም፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውንም ጨው ተራው ማጣሪያ አያስወግድም። ኮምፓስ ሰሜንን ያሳያል እንጂ በዚህ ዓመት የትኛው ጕድጓድ እንደ ደረቀ አይናገርም። የሳተላይቱም መሣሪያ ጥሪውን ያደርሳል፤ ነገር ግን ረዳቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚገኝ ከሆነ፥ ጥሪው መድረሱ ብቻውን የተጠማውን ሰው አያጠጣውም።

ይህን ነገር በግልጽ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በአውስትራሊያ አገር ተፈጽሟል። በአውሮፓ አቈጣጠር ነሐሴ 20 ቀን 1860 ዓ.ም. ሮበርት ኦሃራ በርክ የተባለው ሰው 19 ሰዎችን ያቀፈ ጓድ እየመራ፥ አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለማቋረጥ ከሜልቦርን ከተማ ተነሣ። በዚያ ዘመን ከእርሱ የተሻለ የተሰናዳ መንገደኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሃያ የሚበልጡ ግመሎችና ከሃያ የሚበልጡ ፈረሶች፥ ሠረገሎች፥ ለሁለት ዓመት ያህል የታሰበ ስንቅ፥ በጠቅላላው 20 ቶን የሚያህል ዕቃ ነበረው፤ የሚመገቡበት ጠረጴዛና ወንበር እንኳ ከጭነቱ ውስጥ አልቀረም። ጓዙ ግን ጕዞውን አዘገየው፤ ዕቃውም በየመንገዱ ይጣል ጀመር።

በርክ ኩፐር ክሪክ በተባለው ወንዝ አጠገብ ሰፈር ካደረገ በኋላ፥ ከጓዱ ከፍሎ ዊልስን፥ ኪንግንና ግሬይን ብቻ ይዞ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ወደ ባሕሩ አጠገብ ደርሰው ሲመለሱ ግሬይ በመንገድ ላይ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ሚያዝያ 21 ቀን 1861 ዓ.ም. ማታ ከሰፈሩ በደረሱ ጊዜ ማንም አልነበረም። ከአራት ወር በላይ የጠበቋቸው ጓደኞቻቸው፥ ጥቂት ስንቅ ከዛፍ ሥር ቀብረው በዛፉም ላይ ምልክት ጽፈው፥ በዚያው ቀን ጠዋት ተነሥተው ነበር። ሦስቱ ሰዎች ስንቁን ቈፍረው አወጡ፤ መልእክትም ጽፈው በስፍራው ቀበሩ። ነገር ግን አፈሩን እንደ ነበረ መልሰው በዛፉ ላይ አዲስ ምልክት ሳያደርጉ ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጓደኞቻቸው ተመልሰው መጥተው ያን ስፍራ ቢያዩት፥ የተነካ ነገር የሌለ መሰላቸውና እንደገና ሄዱ። የጠፉት ሰዎች ግን በዚያን ጊዜ ከወንዙ ብዙም አልራቁም ነበር። እንግዲህ 20 ቶን ዕቃ ያላዳናቸውን ሰዎች፥ በዛፍ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ቃል ሊያድናቸው ይችል ነበር።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ያ ለበርክና ለጓደኞቹ ምድረ በዳ የመሰላቸው ስፍራ፥ ያንድሩዋንዳ የተባሉት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲኖሩበት የነበረ አገራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ለእንግዶቹ ዓሣና ናርዱ ከተባለው ተክል የተጋገረ ቂጣ ሰጥተዋቸው ነበር። በርክ ግን ከእነርሱ ጋራ መቀራረብን አልወደደም፤ በአንድ አለመግባባትም ጊዜ ተኩሶ አስፈራራቸውና ራቁ። ከዚያ በኋላ መንገደኞቹ ናርዱውን ራሳቸው እየለቀሙ፥ እንደ አገሩ ሰዎች ሳያዘጋጁ ይበሉት ጀመር። በኋላ የተደረገው ምርምር እንደሚያስረዳው፥ በዚያ ተክል ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አለ፤ የአገሩ ሰዎች የአዘገጃጀት ሥርዓት ግን ጕዳቱን የሚያስቀር ነበር። ስለዚህ ሆዳቸው እየሞላ ሰውነታቸው መድከሙ ከሞታቸው ምክንያቶች አንዱ ነው ተብሎ ይገመታል። በርክና ዊልስ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሞቱ። ኪንግ ግን ወደ ያንድሩዋንዳ ሰዎች ሄዶ ተጠጋ፤ እነርሱም እንደ ወገናቸው ተቀብለው መገቡት። በመስከረም ወር 1861 ዓ.ም. አልፍሬድ ሃዊት የመራው ፈላጊ ጓድ ሲደርስ በሕይወት የተገኘው እርሱ ብቻ ነበር። አለቃው ሞቶ እርሱ የተረፈው የተሻለ ዕቃ ስለ ነበረው አይደለም፤ ወደ ሰው ስለ ተጠጋ ነው።

ይህን ትምህርት ለማግኘት እስከ አውስትራሊያ መሄድ ግድ አይደለም። በአፋር ቆላ የሚኖረው ሕዝብ ዳጉ የተባለ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች በመንገድ ላይ በተገናኙ ጊዜ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆም ወይም ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ውሃው እንዴት እንደ ሆነ፥ ጠብ ወይም በሽታ የት እንደ ተነሣ በተራ ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ መናገር ይገባዋል፤ ሰሚውም የሰማውን ወደ ፊት ለሚያገኘው የማድረስ ግዴታ አለበት። ከጨው ሜዳ አሞሌ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡት ነጋዴዎች ያን መንገድ ለረጅም ዘመን ሊመላለሱበት የቻሉት፥ ከስልቻቸው ውሃ በላይ ይህ ወሬ ስለ ረዳቸው ነው። የመኪና መንገድ ከተሠራና የግመሉ ቊጥር ከቀነሰ ወዲህም ቢሆን፥ መኪናው በአሸዋ ላይ የተበላሸበት ሾፌር የሚድነው ያለበትን በሚያውቅ ሰው ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «የአገሩ ሰው ሁልጊዜ በስፍራው አይገኝም፤ ቢገኝም ሁሉ ደግ አይደለም፤ ስለዚህ በራስ መተማመን ይሻላል» ይል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። በእርግጥም ከኢትዮጵያ ተነሥተው በአፋርና በጅቡቲ በረሃ አድርገው፥ ከኦቦክ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ለመድረስ ከሚሹት ወጣቶች መካከል፥ መንገድ መሪ ተብዬዎች ገንዘባቸውን ወስደው በረሃ ላይ የጣሏቸውና በውሃ ጥም ያለቁ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች የጐደላቸው ዕቃ ብቻ አልነበረም። የመራቸው ሰው ስሙንና ቤቱን የሚያውቅ፥ ስለ እነርሱም የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ መነሣታቸውን የሚያውቅ፥ አለመድረሳቸውንም የሚያይ ሹም አልነበረም። ደላላና የአገር ሰው አንድ አይደሉም። የአገር ሰው ማለት ነገ በዚያው ገበያ ላይ ፊቱ የሚታይ፥ ለአደራው ተጠያቂ የሆነ ሰው ነው።

ስለዚህ ስንቅና መሣሪያ ይናቅ ማለት አይደለም። ኮዳ የሌለው ሰው ረዳት እስኪደርስለት ድረስ አይቆይም፤ ቊስል ማሰር የማያውቅ ጓደኛውን ያጣል። ነገር ግን የመሣሪያው ሥራ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ቀን መግዛት ነው፤ የቀሩትን ቀኖች የሚገዛው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰው መጠየቅ፥ የሚነሡበትንና የሚደርሱበትን ቀን ለታመነ ሰው መንገር፥ በቀጠሮው ቀን ቢቀሩ ፈላጊው እስከ መቼ እንደሚጠብቅና ከየት እንደሚጀምር መስማማት፥ ስፍራም ሲለቁ በግልጽ ምልክት መተው ነው። ይህ ሁሉ ክብደት የለውም፤ ዋጋውም አንድ ኮዳ ከሚገዛበት ያነሰ ነው።

ነጋዴ መኪናውን ወይም ግመሉን ወደ ቆላ በሚልክበት ጊዜ የጭነቱን ዝርዝር ጽፎ እንደሚያስቀር፥ የሰዎቹን ስምና የመድረሻቸውን ቀን ጽፎ ማስቀረት ይገባዋል። ጨው ቢጠፋ ይተካል፤ ሾፌር ግን አይተካም። መንገድ መሪውንም በርካሽ ዋጋ ከመፈለግ ይልቅ፥ ዋስ ያለውን መርጦ የድካሙን ያህል መክፈል ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም። በአስተዳደር ላይ ያለውም ሹም ከአደጋ በኋላ ሬሳ ከማስፈለግ፥ አስቀድሞ በየኬላው የተነሺውንና የደራሹን መዝገብ ቢያስይዝ፥ የትኛው ጕድጓድ ውሃ እንዳለውና የትኛው እንደ ደረቀ በየጊዜው ከባላገሩ ጠይቆ በገበያ ቀን ቢያስነግር፥ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ወሬውን የሚያመጡት አፋሮች በመንገዱ ላይ ይገኛሉ፤ የሚቀረው ጠያቂና መዝጋቢ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በረሃም ከአንበሳ የማያንስ ኃይል አለው፤ አንድ ክር ምንም ያህል ቢወፍር አያስረውም። እንግዲህ ወደ ቆላ ለመውረድ ዕቃውን የሚያሰናዳ ሰው ሁሉ፥ የሸክሙን ልክ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ይበጀዋል፤ በቀጠሮው ቀን ባይደርስ መቅረቱን የሚያውቅ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መጥራት ካልቻለ፥ ከረጢቱ ምንም ቢሞላ ስንቁ ገና አልተሟላም።